ቅቤ ብቻውን አይከሰስም፦ ስለ አንጀት ባክቴሪያና ስለ ጉበት ስብ

የጉበትና የአንጀት ጉዳይ ገበታ ላይ የሚወራ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አዘጋጆቹ ቡናውን ከንግግሩ በኋላ ማድረጋቸው ብልህነት ነው።

የዛሬው ዓላማዬ አንድ ነገር ማስረዳት ነው። በጉበት ውስጥ የሚከማቸው ስብ አብዛኛው ከሳህናችን ላይ ተነሥቶ በቀጥታ ወደዚያ የሄደ ቅባት አይደለም። በመካከል አንጀት አለ፤ በአንጀት ውስጥ ደግሞ የበላነውን የሚካፈሉን፣ ከተካፈሉትም የሠሩትን ወደ ጉበት የሚሰዱ ባክቴሪያዎች አሉ። በመጀመሪያ ስቡ ከየት እንደሚመጣ እናገራለሁ። ቀጥሎ ባክቴሪያዎቹ በነገሩ እጃቸው እንዳለበት በምን እንደታወቀ እተርካለሁ፤ ታሪኩ ጥሩ ስለሆነ ይህ ክፍል ረዘም ይላል። በመጨረሻ ወደ ወለጋ ማዕድና ወደ ክሊኒኩ ወረቀት እንሄዳለን።

ያን ወረቀት አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሰው ጨጓራዬን አመመኝ፣ ወይም በቀኝ ጎኔ ይወጋኛል ብሎ ይሄዳል። ባለሙያው ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዱ ላይ ቀብቶ በአልትራሳውንድ ያየዋል። ስብ የያዘ ጉበት በስክሪኑ ላይ ከጎኑ ካለው ኩላሊት ነጣ ብሎ ይታያል። «ፋቲ ሊቨር፣ ግሬድ አንድ» ተብሎ ይጻፋል። ሰውየው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ምክር ብዙ ጊዜ ከሁለት ቃል አይበልጥም፤ «ቅባት ቀንስ»። ጩምቦ በቅቤ ርሶ በሚቀርብበት አገር ይህን መስማት ቀላል አይደለም።

ጤነኛ ጉበትም ጥቂት ስብ አያጣም። በሽታ የሚባለው ከጉበት ሴሎች ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስብ ሲቋጥሩ ነው። አልትራሳውንድ ደግሞ ስቡ 20 ወይም 30 በመቶ እስኪደርስ ድረስ አጥርቶ አያየውም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ጉዳዩ ትንሽ ሰንብቷል ማለት ነው። በዓለም ከ10 አዋቂዎች 3 ያህሉ ይህ ስብ እንዳለባቸው ይገመታል። አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። በጥቂቶቹ ግን ጉበቱ ይቆጣል፤ ቁጣው ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ዓመት በዓመት ሲደራረብ ሲሮሲስ ወደሚባለው ይደርሳል። ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው የሚል ካለ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይነት 2 ስኳር ሕሙማንን በአልትራሳውንድ ያዩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙትን ያንብብ፤ ከ10 ሕሙማን ከ7 በላይ የሚሆኑት ጉበታቸው ስብ ይዞ ተገኝቷል። ጅማ ከእኛ ሩቅ አይደለችም፤ ገበታዋም እንዲሁ።

ታዲያ ስቡ ከየት መጣ? ብዙዎቻችሁ ዘመድ ባላችሁበት በሚኒሶታ፣ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች የጉበት ናሙና ሊወሰድላቸው ለተቀጠሩ ጥቂት ሕሙማን ምልክት የተደረገበት ስብ ለቀናት ሰጧቸውና ናሙናው ሲወሰድ ምልክቱን ተከትለው አዩ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከጉበቱ ስብ 59 በመቶው ቀድሞ በሰውነት ላይ ከተከማቸ ስብ ተፈትቶ በደም የመጣ ነበር። 26 በመቶውን ጉበቱ ራሱ ከስኳርና ከስታርች ሠርቶታል። ከምግብ ቅባት በቀጥታ የመጣው 15 በመቶ ብቻ ነው። ቅቤ ነጻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከልክ በላይ ከተበላ ጉበትን እንደሚያወፍር በሙከራ ታይቷል። ነገር ግን ቅቤውን ትቶ በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ሁለተኛውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶታል።

ከዚህም የባሰ እንቆቅልሽ አለ። ጉበት በስብ የሚሞላው በጠገበ ሰው ብቻ አይደለም። ሲስሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዛሬ ጋና በምንላት አገር ስትሠራ፣ እግራቸው ያበጠ፣ ፀጉራቸው የሳሳ፣ ቆዳቸው የተላጠ ሕፃናትን ሁኔታ ጽፋ ለዓለም አሳወቀች። ኳሺዮርኮር የምንለው ነው፤ በእኛም አገር ክፉ ዘመን ያየ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። የእነዚያ ሕፃናት ጉበት በስብ የተሞላ ነው። ቅቤ አልበሉም፤ ምንም አልጠገቡም። የጠገበው ሰውና የተራበው ሕፃን በምን ተገናኙ? ለኳሺዮርኮር ብዙ ምክንያት ይቆጠራል። ከመካከላቸው አንዱን የጠቆመው በማላዊ 317 ጥንድ መንታዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ነው። አንድ ማዕድ ከሚበሉ መንታዎች አንዱ በኳሺዮርኮር ሲያዝ ሌላው ጤነኛ የሆነበት ቤት ብዙ ነበር። የታመመውን ልጅ የአንጀት ባክቴሪያ የወሰዱና የማላዊ ምግብ የተሰጣቸው አይጦች ክፉኛ ከሱ፤ የጤነኛውን መንታ ባክቴሪያ የወሰዱት ግን ያን ያህል አልከሱም። ይህ ሙከራ የመዘነው ሰውነትን እንጂ ጉበትን አይደለም። ነገር ግን አንድ ዓይነት ምግብ በተለያየ አንጀት ውስጥ የተለያየ ነገር እንደሚሆን አሳይቷል፤ ወደ ሁለተኛው ክፍሌ የሚያሻግረኝም ይኸው ነው።

ስለ መንገዱ ጥቂት ልበል። ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉ ከልብ በቀጥታ የተላከ አይደለም፤ አስቀድሞ አንጀትን ዞሮ፣ ከዚያ የተመጠጠውን ሁሉ ተሸክሞ በአንድ ትልቅ የደም ሥር የሚደርስ ነው። ስለዚህ አንጀት የሚያስገባውን መጀመሪያ የሚቀምሰው ጉበት ነው፤ መርዝም ቢሆን፣ ስኳርም ቢሆን። በአንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ 38 ትሪሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ አንድ ላይ ቢመዘኑ 200 ግራም ገደማ ናቸው። አብዛኞቹ የሚኖሩት በትልቁ አንጀት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጥራ፦ በእኛ አገር «የሆድ ባክቴሪያ» ሲባል ሰው የሚያስበው የጨጓራውን ኤች ፓይሎሪ ወይም ታይፎይድን ነው፤ እነዚያ በሽታ አምጪዎች ናቸው። እኔ የምናገረው አብረውን ስለሚኖሩት ነው።

የመጀመሪያው ጠንካራ ፍንጭ የመጣው ከቀዶ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአሜሪካ እጅግ የወፈሩ ሰዎችን ለማክሳት ሐኪሞች የትንሹን አንጀት አብዛኛውን ክፍል ከምግብ መንገድ ያስወጡ ነበር። አንጀቱ አይጣልም፤ ምግብ የማያልፍበት ጥግ ሆኖ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ሰዎቹ በእርግጥ ከሱ። ነገር ግን ከመካከላቸው የአንዳንዶቹ ጉበት በስብ ተሞላ፤ ጉበታቸው ሥራ አቁሞ የሞቱም ነበሩ። እየከሳ ያለ ሰው ጉበቱ እንዴት ይወፍራል? በዚያ በተተወ ጥግ ባክቴሪያ ያለ ልክ ይራባ ነበር። ድሬኒክ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ሥራ እንዲህ ላሉ ሕሙማን ሜትሮኒዳዞል ሲሰጥ የጉበቱ ስብ እንደሚቀንስ፣ አስቀድሞ ከተሰጠም እንደሚከላከል አሳዩ። ሜትሮኒዳዞል ማለት እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ሆዱን በቆረጠው ቁጥር ከፋርማሲ የሚገዛው ፍላጅል ነው። ምግቡ ሳይለወጥ ባክቴሪያውን በመምታት ብቻ የጉበት ስብ መጉደሉ ትልቅ ነገር ነበር። ያ ቀዶ ሕክምና ጉዳቱ ስለበዛ ከቀረ ቆይቷል፤ ትምህርቱ ግን ለሃያ ዓመት ያህል ጆሮ ሳያገኝ ተቀመጠ። ዛሬ ማታ ወጥቶ ለጉበቴ ብሎ ፍላጅል የሚገዛ እንዳይኖር አደራ፤ ለምን እንደማይሆን እደርስበታለሁ።

ነገሩ እንደገና የተነሣው በአይጥ ነው። በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ጎርደን ቡድን ከተወለዱ ጀምሮ አንድም ባክቴሪያ ያልነካቸው አይጦችን ያሳድግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 እንደጻፉት፣ እነዚህ አይጦች ከተራ አይጥ አንጀት የተወሰደ ባክቴሪያ በተሰጣቸው በ14 ቀን ውስጥ የሰውነት ስባቸው በ60 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ የሚበሉት ቀንሶ እያለ ማለት ነው። ጉበታቸውም የበለጠ ስብ ይሠራ ጀመር። በ2013 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ቅባት የበዛበት ምግብ በልተው አንዱ ጉበቱ የታመመ ሌላው የዳነ ሁለት አይጦችን ለይተው ባክቴሪያቸውን ለንጹሓን አይጦች ሰጡ። ያንኑ ምግብ ሲበሉ የበሽተኛውን የወሰዱት ጉበታቸው ስብ ያዘ፤ የጤነኛውን የወሰዱት ብዙም አልያዙም።

በሰው ላይ የታየው ግን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ነው። በቻይና አንድ ሰው ስታርችና ስኳር የበዛበት ምግብ በበላ ቁጥር ይሰክር ነበር። አንድ ጠብታ ሳይቀምስ፣ ሆዱ ውስጥ ጠላ የተጠመቀ ይመስል፣ ደሙ በአልኮል ይሞላል። ጉበቱም ስብ ይዞ ተቆጥቶ ነበር። ሐኪሞቹ እርሾ ነው ብለው የእርሾ መድኃኒት ሰጡት፤ አልሠራም። ሰገራው ሲመረመር የተገኘው ክሌብሲዬላ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ አልኮል አብዝቶ የሚያመርት ዝርያ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው በዚሁ ጥናት አልኮል ሳይጠጡ ጉበታቸው ስብ ከያዘ ሌሎች ሕሙማን 60 በመቶ ያህሉ ይህን ዝርያ ተሸክመው ተገኙ፤ ከጤነኞቹ ግን ከ10 በመቶ በታች። ባክቴሪያው ለአይጦች ሲሰጥ ጉበታቸው ወፈረ። ከዚያም በ2022 በአምስተርዳም፣ ለቀዶ ሕክምና ከተኙ ሰዎች ከአንጀት ወደ ጉበት ከሚሄደው የደም ሥር ደም ተቀድቶ ሲለካ፣ የአልኮሉ መጠን በክንድ ደም ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ክንዱ ላይ የማይታየው ጉበቱ ስላቃጠለው ነው። በሌላ አነጋገር ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ጉበቱ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጠጣል። ወንጌላዊ ሆኖ «የጠጪ ጉበት አለብህ» ተብሎ ያፈረ ሰው በመካከላችን ካለ ይህን ይያዝልኝ።

አልኮል አንዱ መንገድ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። የአንጀት ግድግዳ የውስጥ ሽፋን የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ያለው ስስ ነገር ነው። ሲሳሳና ሲከፋፈት የሞቱ ባክቴሪያዎች ቅርፊት ስብርባሪ አልፎ ወደ ጉበት ይገባል፤ የጉበት ዘበኛ ሴሎች ጠላት መጣ ብለው ይቆጣሉ። ስብ ብቻ የያዘ ጉበት ወደ ተቆጣ ጉበት የሚሻገርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው መንገድ በፍሩክቶስ በኩል ነው። ከገበታ ስኳር ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ጥቂት ሲሆን ትንሹ አንጀት ይጨርሰዋል፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ በአንድ ትንፋሽ ሲገለበጥ ግን ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይወርዳልና የተረፈው ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። ባክቴሪያዎቹ እዚያ ወደ አሴቴት ይለውጡታል፤ አሴቴት የአቼቶ ዋና ነገር ነው። በ2020 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ጉበት ይህን አሴቴት ተቀብሎ ስብ እንደሚሠራበት አሳይቷል።

አሁን ወደ ማዕዳችን እንምጣ። እስካሁን ባክቴሪያውን ስከስ ቆየሁ፤ እውነቱን ለመናገር ባክቴሪያ የሚሠራው በሚቀርብለት ነው። አንጀታችን ሊፈጨው የማይችለው የእህልና የአትክልት አሰር ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይቀራመቱትና ቡቲሬት የሚባል አሲድ ይሠሩበታል። ያ አሲድ የአንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋነኛ ምግብ ነው፤ ግድግዳው እንዳይሳሳ የሚያደርገው እሱ ነው። አሰር ሲጠፋ አሰር በሊዎቹ ባክቴሪያዎች ምግብ ያጣሉ፣ ይመናመናሉም።

ይህ በምን ፍጥነት እንደሚሆን የታየው በዚያው በሚኒሶታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደዚያ የገቡ የሕሞንግና የካረን ሴቶችን ተከታተለ። አሜሪካ በገቡ በወራት ውስጥ አሰር የሚፈጩት ባክቴሪያዎቻቸው መቀነስ ጀመሩ፤ ዓመታት ሲጨመሩ ጉድለቱ ባሰ፣ እዚያ በተወለዱት ልጆች ደግሞ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ሴቶቹ ሲወፍሩ ባክቴሪያዎቹ ይሳሱ ነበር። ከእኛም ወገን ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲመጡ ብዙም የማያውቁት የስኳር በሽታ በቆዩ ቁጥር እየበዛባቸው ሄዷል። ነገር ግን ለዚህ ሁሉ አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልግም። ከገጠር ተነሥቶ ነቀምቴ ሱቅ የከፈተ ሰው በቂ ነው፦ ጠዋት ፉርኖ ዱቄት ዳቦ በጣፋጭ ሻይ፣ ቀን ተቀምጦ መዋል፣ ማታ ሥጋ፣ በመካከል ለስላሳ። እናቱ ቤት የበላው የባቄላ ንፍሮ፣ የገብስ ቆሎ፣ ጎመንና አንጮቴ ለበዓል ብቻ የሚታወሱ ሆኑ።

አንጮቴን ሳነሳ ትንሽ ልቆይ፤ ወለጋ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ለመስቀል የሚቀርበው፣ አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ የሚሰጠው ይህ ሥራሥር አብዛኛው ነገሩ ስታርች ነው። ስታርች ሁሉ አንድ አይደለም። ትኩሱ ቶሎ ተፈጭቶ ስኳር ሆኖ ደም ይገባል። ተቀቅሎ ሲበርድ ግን የተወሰነው ክፍል መልሶ ይጠጥርና የአንጀታችን ኢንዛይም አይፈታውም፤ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፣ ለባክቴሪያው እንደ አሰር ይሆናል። የተቀቀለ ድንች፣ የቀዘቀዘ ንፍሮ፣ አድሮ የሚበላ ሥራሥር እንዲህ ናቸው፤ ጥቂት ቢሞቁም ጥንካሬው ጨርሶ አይጠፋም። በሻንጋይ ጉበታቸው ስብ ለያዘ 200 ሰዎች ለአራት ወር ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ ግማሾቹ ከበቆሎ የተሠራ እንዲህ ያለ የማይፈጭ ስታርች በቀን 40 ግራም ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 እንደታተመው የጉበታቸው ስብ ተራ ስታርች ከተሰጣቸው ይልቅ በግልጽ ቀነሰ፤ ከስብ መቀነሱ ጋር አብሮ የተለወጠው የአንጀት ባክቴሪያቸው ነበር። የተሞከረው በቆሎ እንጂ አንጮቴ አይደለም። ባኮ የእርሻ ምርምር፣ ነቀምቴም ዩኒቨርሲቲ ባለበት አገር ግን ይህን የሚሞክር ተማሪ እንዲነሣ እመኛለሁ። ጤፍም ከሰማይ የተሰጠን ዕድል ነው፤ ፍሬው ከማነሱ የተነሣ ገለባው ተለይቶ ሊወጣ ስለማይችል ሙሉውን ነው የምንበላው። እንጀራ የቦካ ስለሆነ ባክቴሪያ ይጨምርልናል የሚሉ ግን ምጣዱን ረስተዋል፤ አብዛኛው እዚያው ይሞታል። ሕይወት ያለው ባክቴሪያ የሚገኘው በእርጎ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሻጮቹ መናገር አለብኝ። «ጥሩ ባክቴሪያ» በካፕሱል የሚሸጡ ሰዎች እኔ እስካሁን የተናገርኩትን ሁሉ ጥቅሳቸው ያደርጉታል። በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ከ100 በላይ ሕሙማን በተሳተፉበት ሙከራ ግማሽ ያህሉ ለአንድ ዓመት ያህል ባክቴሪያና የባክቴሪያ ምግብ ወስደው ነበር። የአንጀት ባክቴሪያቸው በእርግጥ ተለወጠ፤ የጉበታቸው ስብ ግን ካልወሰዱት የበለጠ አልቀነሰም። በካናዳ የጤነኛ ሰው ሰገራ ወደ ሕሙማን አንጀት ገብቶ ተሞክሯል፤ የአንጀታቸው ግድግዳ የተሻለ ሲጠብቅ ታየ፣ የጉበት ስብ አልቀነሰም። እንግዲህ በእነዚህ ሙከራዎች ባክቴሪያውን መጨመር ያላመጣውን፣ በሻንጋይ ለባክቴሪያው የሚበላ ማቅረብ አምጥቷል። ፍላጅልን በተመለከተ፦ ጎጂውን ከጠቃሚው ሳይለይ ይገድላል፣ ሲደጋገም ባክቴሪያው ይለምደዋል፣ ከዚያ እውነተኛ ኢንፌክሽን ሲመጣ ባዶ እጃችንን እንቀራለን።

መድኃኒት የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ጉበታቸው ተቆጥቶ ጠባሳ ለጀመራቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሬስሜቲሮምን፣ በነሐሴ 2025 ሴማግሉታይድን ፈቅዷል፤ ዋጋቸው ለእኛ ኪስ አይደለም። ክብደት መቀነስ ግን የሚሠራ ነው። ክብደቱ 80 ኪሎ የሆነ ሰው 4 ኪሎ ቢቀንስ የጉበቱ ስብ ይጎድላል፤ 8 ኪሎ ቢቀንስ ቁጣው ብቻ ሳይሆን ጠባሳውም ሊሻሻል ይችላል። ወረቀቱን ይዞ የወጣ ሰው ሁሉ ስቡን ብቻ እንዳይከስም እለምናለሁ። በአገራችን ጉበት የሚጎዳ ሄፓታይተስ ቢ አለ፤ አረቄ አለ፤ በሐረር የተደረገ ጥናት ደግሞ ጫት ለረጅም ጊዜ የጉበት በሽታ እንደሚያጋልጥ አሳይቷል። የሄፓታይተስ ምርመራ ሳይደረግ «ፋቲ ሊቨር ነው» ብሎ መቀመጥ ልክ አይደለም።

ወደ ወረቀቱ ልመለስና ላብቃ። ግሬድ አንድ ወይም ሁለት የሚለው የስቡን ብዛት እንጂ የጠባሳውን መጠን አይናገርም፤ ሰውን የሚጎዳው ደግሞ ጠባሳው ነው። ጠባሳውን ለመገመት ውድ መሣሪያ የግድ አይደለም፤ በነቀምቴ ላቦራቶሪዎች የሚሠሩ ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ ኤስጂኦቲ፣ ኤስጂፒቲና ፕላትሌት። ዕድሜን በኤስጂኦቲ አባዙ። ለብቻው ፕላትሌቱን በሺህ ቆጥራችሁ በኤስጂፒቲ ስኩዌር ሩት አባዙ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። ዕድሜው 50፣ ኤስጂኦቲው 42፣ ኤስጂፒቲው 64፣ ፕላትሌቱ 210 ሺህ የሆነ ሰው 2100 ለ1680 ሲካፈል 1.25 ያገኛል። ከ1.3 በታች ነውና ከባድ ጠባሳ ያለው አይመስልም፤ ምግቡን አስተካክሎ፣ እየተራመደ፣ በየጊዜው እየታየ ይኖራል። ያው ሰው ፕላትሌቱ 120 ሺህ ብቻ ቢሆን 2.19 ይመጣል፤ አልትራሳውንዱ ያንኑ ግሬድ አንድ ቢልም ይህ ሰው ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። ከ2.67 በላይ የሆነ ደግሞ ቀጠሮ አያራዝም። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ አባቶችና እናቶች ዕድሜው ራሱ ቁጥሩን ስለሚያንረው የመጀመሪያው ወሰን 1.3 ሳይሆን 2 ነው። ወረቀታችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አብረን እናሰላለን።